የአምባዛ ልጋግ ፍለጋ የሄድንበት ጫጉላ

ከጋምቤላ ከተመለስን ወዲህ ያገኘን ሁሉ «እና ጫጉላው እንዴት ነበር?» ይለናል። ባለቤቴ ሙሉቀን ይቀድመኝና መተረክ ይጀምራል። ችግሩ በተረከው ቁጥር ዓሣው እያደገ መምጣቱ ነው። መጀመሪያ የክንዱን ያህል ነበር፤ ባለፈው እሑድ እናቱ ቤት ሲያወራ ከእሱ ቁመት አልፎ ሰማሁት። ስለዚህ ጋምቤላን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ የደብረ ብርሃን ዘመዶቻችን፣ ዓሣው ከዚህ በላይ ሳያድግ ነገሩን እንደሆነው ልጻፍላችሁ።

ለማያውቀን፣ እኔ ስንዱ እባላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይክሮባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሙሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ያገናኘን ቆረቆር ነው። ሌላው ሰው የተዋወቀበትን ሲያወራ ካፌ ይላል፣ የጓደኛ ሠርግ ይላል፤ የእኛ የልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ፈንገስ ነው። ለጥናቴ ናሙና ሳሰባስብ ፀጉር ቤቱ እየሄድኩ፣ ወላጆችን አስፈቅጄ ከልጆቹ ራስ ላይ ቅርፊት እየፋቅሁ እወስድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሌ በየሳምንቱ እየደወለ «ገደልሽው ወይ?» ይለኛል። ፈንገሱን ማለቱ ነው። «ገና ነው» እለዋለሁ። «እንግዲያው ሻይ እንጠጣ» ይላል። ፈንገሱ ሳይሞት እኛ ተጋባን።

ፈንገስ አስቸጋሪ ፍጡር ነው። ሴሉ ከባክቴሪያ ይልቅ የእኛን ሴል ይመስላል፤ ስለዚህ እሱን የሚመታ መድኃኒት እኛንም እንዳይመታ ማድረግ ከባድ ነው። ያሉን መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም አንዳንዱ ፈንገስ እየለመዳቸው ነው። ራስ ላይ ሲወጣ ያሳፍራል እንጂ አይገድልም። አቅሙ የደከመ ሰው ደም ውስጥ ሲገባ ግን ይገድላል። ድሮ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ስሠራ፣ ያለንን መድኃኒት ሁሉ ሞክሬ ፈንገሱ ሁሉንም አልፎ ያደገበትን የላቦራቶሪ ሳህን ለሐኪሙ ይዤ የሄድኩበት ጠዋት አለ። ሐኪሙ ሳህኑን አየና ወደ በሽተኛው ክፍል ተመለሰ።

አምባዛ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እንቁራሪት ጭቃ ውስጥ እየኖረች ቆዳዋ አይሻግትም። ዓሣም እንደዚያው። ቆዳቸው ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ያመነጫል፤ እነዚህ የጀርሙን ሽፋን እየበሱ ይገድሉታል። የእኛም ምራቅ ውስጥ አሉ። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም፤ ልብሱ ልጋጉ ነው። በዚያ ልጋግ ውስጥ ፈንገስ የሚገድል ነገር ይኖር እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። የጥናቱን ፈቃድ ጨርሼ ጉዞውን ሳመቻች ጊዜው ከሠርጋችን ጋር ገጠመ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ ሙሌ። «ጫጉላችንን እዚያ እናድርገዋ!»

እናቱ ሲሰሙ ተቀመጡ። «ሰው ሐዋሳ ይሄዳል፣ ላንጋኖ ይሄዳል። እናንተ አምባዛ? ያውም ቅርፊት የሌለውን! ልጄ፣ እንዳትበላው።» ሙሌ እንደማይበላ ቃል ገባላቸው።

ማክሰኞ

ቦሌ ስንደርስ የበረዶ ሳጥኔን ይዤ ነበር፤ ውስጡ ባዶ ብልቃጦች፣ ጥጥ የተጠቀለለባቸው እንጨቶችና ማቀዝቀዣ ከረጢቶች ነበሩ። ፈታሿ ከፈት አድርጋ አየችው።

«ባዶውን ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ልታመጪበት ነው?»

«የአምባዛ ልጋግ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሙሌ ከኋላዬ ሆኖ «ጫጉላ ላይ ነን» አላት፣ ነገሩን ያብራራ መስሎት። ልጅቷ ጓደኛዋን ጠርታ «ነይ እነዚህን እይልኝ» አለች። ሁለቱም እየሳቁ መርቀው አሳለፉን።

ጋምቤላ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ ደረጃው ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ይመስል ነበር። እኔ ጃኬቴን አወለቅሁ። ሙሌ ሹራቡን አወለቀ፣ ቀጥሎ ከሥሩ የነበረውን ሌላ ሹራብ አወለቀ። ከዚያ ከእጅ ሻንጣው አንድ ትልቅ ነጭ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ።

«ሙሌ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ጋቢ።»

«ጋምቤላ ጋቢ?»

«ሲመሽ የትም ይበርዳል» አለ በሙሉ እምነት።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። እኛ አገር ዓይን ትንሽ ሄዶ ተራራ ይገጥመዋል፤ እዚህ ዓይን ሄዶ ሄዶ ራሱ ይደክመዋል። ከተማው ውስጥ ገብተን በባጃጅ ኒውላንድ ወደሚባለው ሰፈር ስንሄድ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ወንበሩን ይዞ ከፀሐይ ጋር ይዞራል፤ ጋምቤላ ላይ ሰው ወንበሩን ይዞ ከጥላ ጋር ይዞራል። አንዱን ማንጎ ዛፍ ሲዞሩ የዋሉ ሰዎች፣ በወንበራቸው እግር የተጫረውን መሬት ሳይ የሰዓት ቆጣሪ መሰሉኝ።

ያረፍነው ጋሽ ሰይድ ቤት ነው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው እዚህ የከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ የሚከራዩ ክፍሎች አሏቸው። ስልክ ላይ ትልቅ ፍሪጅ እንዳላቸው ነግረውኝ ስለነበር ነው እሳቸውን የመረጥኩት። ሙሌ ሻንጣውን ሲከፍት ጋቢውን አዩት።

«ልትሸጠው ነው ያመጣኸው?»

«ለማታ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ለማታ!» ስኳር የተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ዘሐራ! ነይማ፣ ጋቢ ይዞ የመጣ ሙሽራ እይ!» ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ መጥተው፣ አይተው፣ «ተው እንግዳ አትሳቅ» ብለው ራሳቸው ዞር ብለው ሳቁ።

ፍሪጁን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ለስላሳ መጠጥና ውሃ ሞልቶበታል። «ግማሹ ያንቺ ነው» አሉኝ። «የምታስቀምጪው ግን ምንድን ነው ያልሽኝ?» እንደገና ነገርኳቸው። ፍሪጁን መልሰው ዘጉና «አላህ ያግዝሽ ልጄ። ብቻ ደንበኞቼ እንዳይሰሙ» አሉ።

ማታ ጋቢውን አንጥፈን ተኛንበት። ፍራሹ ይቆረቁር ስለነበር ለዚያ ጠቀመን።

ረቡዕ

ባሮን ሳየው ወንዝ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ቤታችን አጠገብ ያለውን ወንዝ በበጋ ጫማ ሳናወልቅ በድንጋይ ድንጋይ እንሻገረዋለን። ባሮ ግን ሰፊ ነው፤ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የሚያልፈውን ጀልባ ልብ የሚለው አይመስልም።

ሙሌ ጋምቤላ ሰላምታው «ማሌ» ነው ብሎ ሰምቶ፣ ባጃጅ ሲሾፍር ያገኘውንም፣ ጥላ ሥር የተቀመጠውንም «ማሌ! ማሌ!» ሲል ነበር የመጣው። ወንዙ ዳር የጠበቀንን ዓሣ አጥማጅም «ማሌ!» አለው። ሰውየው ረጅም ነው፣ ሲስቅ ፊቱ በሙሉ ይስቃል።

«እሱ የኑዌር ነው» አለ። «እኔ አኝዋ ነኝ። ግን ችግር የለም፣ ሰላም ነህ?»

ኦሞድ ይባላል። የራሱ ጀልባ አለው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። አማርኛውን የተማረው ትምህርት ቤትና ገበያ ነው። የምፈልገውን ስነግረው በደንብ ሰማኝና ጠየቀኝ፦

«ዓሣውን አትፈልጊም?»

«አልፈልግም።»

«ልጋጉን ብቻ?»

«ልጋጉን ብቻ። ዓሣው ለአንተ ይመለሳል።»

ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በአኝዋ ቋንቋ ነገራቸው። ሳቁ። ከዚያ ግን አንዱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀ። ኦሞድ ተረጎመልኝ፦ «ምን ልታደርጉበት ነው? ዓሣችንን ልታበላሹ ነው? ይላል።» ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ስለ ሴል ሽፋን፣ ስለ ፔፕታይድ፣ ስለ ፕሮቲን ማብራራት ጀመርኩ። ስናገር የሁሉም ዓይን ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ሲመለስ አየሁ።

ሙሌ ቦርሳውን ከፍቶ ቶንዶሱን አወጣ። ለምን ይዞት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

«እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ» አላቸው። «ልጆች ራሳቸው ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ይረግፋል። ቅባት እሰጣለሁ፣ አይለቅም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ራሳቸውን ይሸፍናሉ። እሷ የእሱን መድኃኒት ነው የምትፈልገው።»

ኦሞድ መተርጎሙን ተወና እጁን በራሱ ራስ ላይ አዞረ። «አወቅሁ» አለ። «የእኔ ልጅ ይዟት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሻሽ አስራ ነው የሄደችው።» ከዚያ በቋንቋቸው ረዘም አድርጎ ተናገረ። ኮስተር ብሎ የነበረው ሰውዬ እሺ አለ፤ አንድ ነገር ግን ጨመረ። ኦሞድ እየሳቀ፦ «ማሽኑ ይሠራል ወይ? ይላል።»

ወንዙ ዳር ባለ ማንጎ ሥር ፀጉር ቤት ተከፈተ። ሙሌ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው አስተካክሎ የኦሞድ ተራ ደረሰ። ግማሽ ራሱ ላይ ሲደርስ ባትሪው አለቀ። ቶንዶሱ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ኦሞድ በአንድ በኩል ሙሽራ፣ በሌላው በኩል ጫካ ሆኖ ተነሣ። መስታወት የለም፤ ጓደኞቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሙሌ ላቡን እየጠረገ ይቅርታ ሲጠይቅ ኦሞድ ራሱን በእጁ ዳሰሰ።

«ችግር የለም። ዓሣው አያየኝም» አለና ጀልባውን ገፋ።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው አምባዛ መጣ። ጥቁር ነው፣ ጺም አለው፣ የሚያዳልጠው ከሳሙና የባሰ ነው። እኔ በጥጡ እያበስኩ ልጋጉን ወደ ብልቃጥ ስጨምር አንድ ሰው አጥብቆ መያዝ ነበረበት። ሙሌ «እኔ እይዘዋለሁ» አለ። እርጥብ ፎጣ ዘርግቶ ተቀበለው። ዓሣው የክንዱን ያህል ነበር። ይህን እዚህ ላይ አስምሩበት።

አንድ ጊዜ ጅራቱን ሲወነጭፍ ሙሌ አቀፈው። ሁለተኛ ሲወነጭፍ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገቡ። ውሃው ከጉልበቱ አያልፍም፤ እሱ ግን «አዞ! አዞ ያዘኝ!» እያለ ይጮህ ነበር። የያዘው ራሱ ያቀፈው አምባዛ ነው። አለቀቀውም። ኦሞድ ግማሽ ፀጉሩን እንደያዘ በሳቅ እየታነቀ ሁለቱንም ጎትቶ አወጣቸው። የሙሌ ሸሚዝ ከአንገት እስከ ወገብ በልጋግ ተለቅልቆ ያብረቀርቃል።

«ከእሱ ላይ መውሰድ ትችያለሽ» አለኝ ኦሞድ፣ ሸሚዙን እያሳየ።

ሐሙስ

ጠዋት ሙሌ የኦሞድን ሌላውን ግማሽ ጨረሰለት። ከዚያ በጀልባ ወደ ላይ ወጣን። ሥራው እንደዚያ ቀን ሰምሮልኝ አያውቅም። ዓሣው ይመጣል፣ ይታበሳል፣ ይመለሳል፤ ብልቃጡ በረዶ ውስጥ ይገባል። ሙሌ ዘዴውን ለምዶ ዓሣውን ጭንቅላቱን በፎጣ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ያባብለው ጀመር። «ዝም በል፣ ፀጉር አይደለም የምንቆርጥህ» ይለዋል።

ምሳ ኦሞድ ቤት ተጋበዝን። ባለቤቱ አሪያት የበቆሎ ገንፎና ትልቅ ሳህን ሙሉ ዓሣ በመረቅ አቀረበች። መዓዛው ግሩም ነው። ሙሌ ሳህኑ ውስጥ ጺም አየ።

እጁን መለሰ። እናቱ ፊት የገባው ቃል ትዝ ሲለው አየሁት። የሰው ቤት ገብቶ፣ ሴትዮዋ ፊቱ ቆማ፣ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? እኔም ቅርፊት የሌለው ዓሣ በልቼ አላውቅም። ሙሌ ገንፎውን ብቻ በጣቱ እየቆነጠረ «በጣም ይጣፍጣል፣ በጣም ይጣፍጣል» እያለ ስድስት ጊዜ ያህል አመሰገነ። አሪያት አየችው። ኦሞድን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ኦሞድ መለሰላት። ሳህኑን ከፊታችን አነሣች።

ሙሌ በአማርኛ፣ በእጁ፣ በዓይኑ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። «እናቴን ነው... እኛ ዘንድ ቅርፊት...»

«አውቃለሁ» አለች አሪያት፣ ከጓዳ። «ጎረቤቴም ሐበሻ ናት፣ ኦርቶዶክስ። እሷም አትበላም። ለምን መጀመሪያ አልነገራችሁኝም? ልጅ ናችሁ?» ትንሽ ቆይታ ቅርፊቱ ተልጦ የተጠበሰ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ይዛ መጣች። ከማን ቤት እንዳስመጣችው አላውቅም። ሙሌ ያን ቀን የበላውን ያህል በሠርጋችን ቀንም አልበላም። እኛ አገር እንግዳ «ብላ፣ ብላ» እየተባለ ይጨነቃል፤ አሪያት ግን ጥያቄ ሳትጨምር ሳህን ቀየረችልን፣ ሙሌም ጨዋ ልጅ ሆኖ ወጣ።

ዓርብ ምንም አልሠራንም። ጋሽ ሰይድ ለጁምዓ ሱቁን ዘጉ፣ እኛ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ወንበራችንን ይዘን ዛፉን ዞርነው። ይህ ብቻ ነው ጫጉላ የመሰለው ቀን።

ቅዳሜ

ማለዳ ያነቃኝ ፀጥታው ነው። የፍሪጁ ድምፅ የለም። መብራት ጠፍቷል።

በባዶ እግሬ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ጋሽ ሰይድ ቀድመውኝ ጄኔሬተሩን እየሳቡ ነበር። ይስባሉ፣ ያስላል፣ ይጠፋል። ሙሌ መጥቶ ሳበ። ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት መጥቶ ሳበ። ጄኔሬተሩ አንድ ጊዜ ጥቁር ጭስ ተፋና ተኛ። የፍሪጁን ፍሪዘር ከፍቼ እጄን አስገባሁ። ከላይ የነበሩት ብልቃጦች ውስጥ ልጋጉ ቀልጦ ይንቀሳቀሳል። ልጋጉ ሙቀት ከቆየበት ራሱ ውስጥ ያሉ ነገሮች ፔፕታይዱን ይፈጩታል። አውሮፕላናችን ነገ ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ ሳቅ በሳቅ ነበርን፤ ያኔ ግን ያ ሆስፒታል፣ ያ ሳህን፣ ያ ሐኪም መጣብኝ። ሙሌ ወደ ክፍላችን ሮጠ። ጋቢውን አምጥቶ የቀሩትን ብልቃጦች በረዶ ሳጥኔ ውስጥ ከተተና ሳጥኑን ጠቀለለው። ጋቢ ብርድን ካስቀረ ሙቀትንም ያስቀራል ብሎ ነው፤ ልክ ነበር።

እትዬ ዘሐራ «በረዶ የሚሸጠው ሰውዬስ?» አሉ። ጋሽ ሰይድ ደወሉ። ሰውየው ያለውን በሙሉ ለሠርግ ሸጦታል። «የማን ሠርግ?» ሲሉ ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ኦሞድ ጋ ደወልኩ። ከኋላው ከበሮ ይሰማል።

«ኦሞድ፣ በረዶ ያለበት ሠርግ ታውቃለህ?»

«እኔ ያለሁበት ነው!» አለ እየጮኸ። «የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው የሚያገባው። በርሜል ሙሉ በረዶ አለ! ቶሎ ኑ!»

ባጃጅ ውስጥ እኔ፣ ሙሌ፣ ጋሽ ሰይድና በጋቢ የተጠቀለለ ሳጥን ተጨናንቀን ገባን። ጋሽ ሰይድ ሠርግ ባዶ እጅ አይገባም ብለው አንድ ካርቶን ብስኩት ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ግቢው ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል፣ መዘምራኑ እየዘለሉ ይዘምራሉ፣ ኦሞድ አዲስ በተቆረጠ ፀጉሩ ከፊት ነው። ዝማሬውን ትቶ ሮጠ። ለስላሳ መጠጥ የሚቀዘቅዝባቸው በርሜሎች ጋ ወሰደን። የሙሽራው እናት መጡ።

ኦሞድ በቋንቋቸው አስረዳቸው። ሲያስረዳ እየተሰበሰበ የመጣው ሰው «አምባዛ» የሚለውን ሲሰማ ሳቀ። እናቲቱ አልሳቁም። ወደ ሳጥኑ አዩ፣ ወደ ዓይኔ አዩ። ፊቴ ገና እንባ ነበረበት።

«ለመድኃኒት ነው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ሊሆን ይችላል። ገና አላውቅም።»

«እሺ። ውሰጂ። የሚበቃሽን ውሰጂ።» ራሳቸው መዶሻ ይዘው የበረዶውን ግንድ ሰበሩት። ሙሌ ሳጥኑ ውስጥ እየጠቀጠቀ «እግዜር ይስጥልን እማማ፣ ሠርግዎን አደፈረስንብዎ» ይላል። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከኋላ ሆነው አንድ ቃል ጨመሩ፦ «እነሱም ሙሽሮች ናቸው። ጫጉላቸው ነው።»

ባይሉ ይሻል ነበር። ሴትየዋ መዶሻውን ጣሉት። «ሙሽራ? እኔ ቤት በር ላይ በረዶ ለምና ልትሄድ?» እጄን ያዙኝ። ሳጥኑን ኦሞድ ከበርሜሎቹ ጀርባ ጥላ ውስጥ ደብቆ አስቀመጠው፣ አንድ ሰውም አቆመበት። እኛን ግን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ አጠገብ አስቀመጡን። ሙሽሪት ነጭ ቬሎ ለብሳለች፤ እኔ ከትናንት ወዲያ የዓሣ ልጋግ የፈሰሰበት ሱሪ። ጠጋ ብላ አበባዋን ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ።

«ስንት ቀንሽ ነው?» አለችኝ።

«ሁለተኛ ሳምንቴ።»

«ደስ ይላል?»

ሙሌን አየሁት። መዘምራኑ መሃል ገብቶ፣ ከረጃጅሞቹ ሰዎች ጎን ገና ሊበቅል እንደሚሞክር ችግኝ እየዘለለ ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ዳር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ እትዬ ዘሐራ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰቡ ይመስለኛል።

«በጣም» አልኳት።

የሰማሁትን ዝማሬ ትርጉም አላውቅም። በየመሃሉ ግን ኦሞድ እየሮጠ ሄዶ ሳጥኑን ከፍቶ አይቶ፣ አውራ ጣቱን ከሩቅ ያሳየኝ ነበር።

እሑድ

ለመሰናበት ኦሞድና አሪያት ከቤተ ክርስቲያን በፊት መጡ። አሪያት ለሙሌ እናት የደረቀ ቆሮሶ ላከች። «ቅርፊት እንዳለው ንገራቸው» አለች። ጋሽ ሰይድ ሒሳቡን ጨርሰን ስንወጣ የመብራቱ መጥፋት የእሳቸው ጥፋት ይመስል «አፈርኩ ልጄ፣ አፈርኩ» ይሉ ነበር። ሙሌ ጋቢውን አጣጥፎ ለእሳቸው ሊሰጥ ሲል «ይዘኸው ሂድ! እዚህ ሰው ያየብኛል» ብለው እንደገና ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ፣ ሳቁ።

አየር ማረፊያ ላይ ሳጥኔን የከፈተው ፈታሽ ሰውዬ «የሠርጉ በረዶ ይሄ ነው?» አለኝ። የጋምቤላ ወሬ ፈጣን ነው።

አዲስ አበባ ስንደርስ በረዶው ግማሹ ነበረ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ እንደ ዘመድ ተቀበለን፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ በማየቴ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ

የቀለጡትን ለይቼ አስቀመጥኩ። የቀሩትን አጣርቼ ሳህኖች ላይ ሞከርኩ። ሳህኑ ላይ ፈንገስ ይዘራል፣ መሃል መሃሉ ላይ ከልጋጉ የወጣው ጠብታ ይደረጋል፣ ይጠበቃል። ጠብታው ምንም ካላደረገ ፈንገሱ ነጭ ሆኖ ሳህኑን በሙሉ ይሸፍነዋል። አብዛኛው እንደዚያ ሆነ። አንዱን ከፈትኩ፣ ነጭ። ሌላውን ከፈትኩ፣ ነጭ። ከዚያ አንዱ ሳህን ላይ፣ በጠብታው ዙሪያ፣ ጥርት ያለ ክብ ነበር።

ደገምኩት። እንደገና ወጣ። ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ስጨምርበት ክቡ ጠፋ። ስለዚህ የሚገድለው ፕሮቲን ወይም ፔፕታይድ ነው። ይህ መድኃኒት አይደለም። የሰው ሴል ላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ደም ውስጥ ቶሎ ይፈራርስ ይሆናል፤ ንጥሩን ለይቶ ለማውጣት ብቻ ገና ብዙ ሥራ አለ። ይህን ሁሉ ለራሴ ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ ከዚያ ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

ሙሌን ጠራሁት። ፀጉር ቤቱን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። ሳህኑን ወደ ብርሃን አነሣሁለት።

«ነጩ ፈንገሱ ነው» አልኩት።

«መሃል ላይ ያለውስ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም አልበቀለም። ባዶ ነው። መብቀል አልቻለም።»

ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎ አየው። ሲስቅ ነው የማውቀው፤ ያኔ ግን ዓይኑ ሞልቶ ነበር። «ገደልሽው» አለ ቀስ ብሎ።

ኦሞድ ጋ ደወልን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን። ወንዙ ዳር ነበር፤ ውሃ ይሰማል፣ ሰው ይሰማል። ስለ ሳህኑ ነገርኩት።

«ክብ ወጣ?»

«ወጣ።»

«ክቡ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም፣ ኦሞድ። ባዶ ነው።»

ድምፁ ወረደ፤ ያዘነ መሰለኝ። «ባዶ... ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው! የፈለግነው ባዶውን ነው!»

ስልኩን ከጆሮው አራቀና ወንዙ ዳር ላሉት በቋንቋቸው ጮኸ። አንዱ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ኦሞድ ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ቀጥሎ የአሪያት እልልታ፣ ቀጥሎ የሌሎች። ሙሌ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሳህኑ አስጠጋው፣ ክቡ ራሱ እንዲሰማ።